የማርታ ሰባተኛ ዘፈን

ያን ካሴት በቀዳንበት ቅዳሜ በበቆሎው መጋዘን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ የካሴት ቤቱ ባለቤትና አሠሪዬ ጋሽ ደምሴ፣ ጊታር የሚጫወተው የኬሚስትሪ አስተማሪ ዮናስ፣ ከጋራዥ የመጣው ከበሮ መቺ ጌቱ፣ ዘፋኟ ማርታ፣ በጀርባዬ ያዘልኳት የሁለት ዓመት ልጄ ህሊና፣ እኔም አልማዝ፣ ቀጂዋ። ከግድግዳው ውጭ ደግሞ ጄኔሬተሩ ነበር። እሱንም ብቆጥረው ነውር የለውም፤ ካሴቱ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁ ይሰማል።

ጋሽ ደምሴ አርፈዋል። ዮናስ ዝውውሩ ደርሶለት ወደ አገሩ ከሄደ ቆየ፤ በዓል ሲሆን ይደውላል። ጌቱ እዚሁ ጂንካ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል። ህሊና ዛሬ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የማርታን ነገር ከሥሩ መጻፍ ስላለብኝ በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ ባለፈው ክረምት ሥራ አቆምኩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራዬ በሰው ስልክ ሚሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ነበር። አሁን ሰው ሁሉ የፈለገውን ራሱ ከስልኩ ያወጣል፤ ስለዚህ ሱቁ ተዘጋ። አላዘንኩም። ወገቤም አይኔም እረፍት ይፈልጉ ነበር። ልጄ ግን «እማዬ፣ የምታውቂውን ጻፊው» አለችኝ። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ስለሆነ ስህተት ብታገኙ እለፉኝ።

ጂንካ የመጣሁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፣ ከሾፌር ባሌ ጋር። ህሊና ስትወለድ እሱ መንገድ እንደወጣ ቀረ። ጋሽ ደምሴ ሱቅ የገባሁት ለጽዳት ነበር። አንድ ቀን መጥረጊያ ይዤ ሳለሁ በካሴት ልባስ ላይ የጻፍኩትን አዩ። የዘፈን ስም ጽፌ እስክሪብቶ እየሞከርኩ ነበር።

«ይህ የማን እጅ ነው?» አሉ።

ደነገጥኩ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አበላሸሁት።»

«አበላሸሽ እንዴ! ከእኔ ጽሕፈት የተሻለ ነው። መጥረጊያውን አስቀምጪና ነይ።»

በዚያው ቀጂ ሆንኩ። ያኔ ካሴት ቤት ማለት ካንዱ ካሴት ወደ ሌላው መቅዳት ነው። ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም።

ጋሽ ደምሴ ስለ ሥራ ብዙ አይናገሩም፣ ያሳያሉ እንጂ። ጠዋት ከሰላምታ በፊት ጥጥ አልኮል ነክረው የቴፑን ራስ ይጠርጋሉ፤ ጥጡ ቡናማ ከሆነ ሌላ ጥጥ፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። አዲስ ካሴት ሳይቀዱበት አንዴ እስከ ጫፍ ያጠነጥኑታል፤ «እንዳይደናቀፍ እግሩን እናፍታታለት» ይሉ ነበር። ዋና ቅጂ ሲሆን ከጀርባው ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሰብረው ያስቀምጣሉ፣ ማንም በላዩ እንዳይቀዳበት። የድምፅ መጠን የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ቁልፍ ካስተካከሉ በኋላ በእርሳስ አጠገቡ ነጥብ ያደርጋሉ። ቁልፉ ከነጥቡ ከተነቃነቀ ሰው ነክቶታል ማለት ነው።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ሠርግም ይሁን ስብሰባ፣ ሲቀዱ ሁልጊዜ ትንሽ ቴፕ በባትሪ ድንጋይ አስነሥተው አንድ ጥግ ያስቀምጣሉ። «ምስክር» ነበር የሚሏት። ጄኔሬተሩ ቢጠፋ፣ ዋናው ቴፕ ቢበላሽ፣ ምስክሯ ትናገራለች። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ጠዋት በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያስመቷቸው ነበር። ሰው «ጋሽ ደምሴ ምን አሰጥተው ነው?» እያለ ይስቃል።

እኔ የተማርኩት ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ነው፣ መርፌዋን። ቴፑ ላይ ድምፅ ሲበረታ የምትነሣ መርፌ አለች። መጨረሻዋ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሲቀዱ ቀዩ ውስጥ መግባት የለባትም፤ ከገባች ድምፁ ይሻክራል፣ ጋሼም «እንደገና» ይላሉ። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ከቤት ስወጣ ከሰሉን አጥፍቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ካደባባዩ ተመልሼ አይ ነበር። መርፌዋንም እንደ ትኩሳት መለኪያ ነበር የማያት።

ወይጦ መንገድ ዳር ቅርንጫፍ ከፍተው ለጥቂት ወራት ላኩኝ፤ መኪና ሲቆም ሙዚቃ ከፍ አድርጎ ካሴት መሸጥ ነው። ከዚያ ኦሞራቴ ነበርኩ። ሙቀቱ ካሴት ያጎብጣል። አንዱ ደንበኛ የገዛውን ይዞ መጥቶ «ሴትዮ፣ ይህ ዘፋኝ እኮ ስገዛው ጎረምሳ ነበር፣ አሁን ሽማግሌ ሆኗል» አለኝ። ብሰማው እውነቱን ነው፣ ድምፁ ተጎትቶ የሰባ ዓመት ሰው መስሏል። ከዚያ ወዲያ ካሴቶቹን በረጠበ ጆንያ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ህሊናን ወባ ሲይዛት ጋሼ ወደ ጂንካ መለሱኝ። ስለ ደመወዝ ብዙ አልልም፤ ልጅ አሳድጎልኛል።

አስተማሪ ዮናስ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ ሲመጣ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ሻንጣ ካሴት ይዞ መጣ። ካሴቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ የሚጮሁ። ጊታሩ ቆርቆሮ ሲቀደድ ይመስላል፣ ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪደማ ይጮኻል። ልቀዳለት የመጀመሪያውን ስከፍት ቴፑ የተበላሸ መስሎኝ አጠፋሁት። አልኮልና ጥጥ አንሥቼ ራሱን ጠረግሁ። እንደገና ከፈትኩ፣ ያው ነው።

«መምህር፣ ካሴትህ ታሟል» አልኩት።

ሳቀ። «እትዬ አልማዝ፣ አልታመመም። እንዲህ ነው የተሠራው። ሰዎቹ ተናደው ነው።»

«ማን አናደዳቸው?»

«እሱን እኔም አላወቅሁም» አለ።

ዮናስ ከጌቱ ጋር ተገናኘ። ጌቱ ከጋራዥ የዘይት በርሜል ቆርጦ፣ የፍየል ቆዳ ወጥሮ ከበሮ ሠራ። ለጊታሩ የሚሆን ስፒከር ከእኛ ሱቅ ጓሮ አገኙ፣ ውስጡን አይጥ በልቶታል። ጋሽ ደምሴ ሙጫና ወረቀት ይዘው ሊለጥፉት ሲሉ ዮናስ እጃቸውን ያዘ።

«ጋሼ፣ እንዳይነኩት! እኔ ስፈልገው የነበረው ድምፅ ይኸው ነው።»

«አይጥ የበላው እኮ ነው።»

ጌቱ «እንግዲያው የባንዱ መሪ አይጧ ናት» አለ። «ቤዝ ጊታርስ?» ሲሉት ደግሞ ወደ ጄኔሬተሩ አመለከተ።

ማርታ የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው። የአሪ ልጅ ናት፣ ከከተማው ትንሽ ወጣ ካለ ቀበሌ። ጤና ተምራ ጨርሳ ምደባ ትጠብቅ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ታደለች የሞቱት እሷ ትምህርት ላይ ሳለች ነው፤ ሲነገራት ተቀብረው ነበር። ጎረቤቶች «ሳታለቅስ ቀረች» እያሉ ያሟት ነበር። በልምምዱ ዝም ብላ ጥግ ቆማ ትሰማለች። አንድ ቀን ዮናስ ማይኩን ሰጣት። እኔ ልጄን አዝዬ ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ከዚያች ቀጭን ልጅ የወጣው ድምፅ ወደኋላ አስኬደኝ።

ጋሽ ደምሴ፣ ልጆቹ ይህን እንዲቀዱላቸው ሲለምኗቸው፣ እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። «ከዚህ አገር ስንት ካሴት ወጥቷል?» አሉ። «አንድም» አልኳቸው። «እንግዲያው እንቅዳ።»

ሰባት ዘፈን ነበራቸው። «ጭቃ» የሚባለው ያቺው አንዲት ቃል ስትደጋገም ነው፤ በክረምት ከገበያ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ይገባዋል። «ወይጦ» ቆሞ ስለማይጭን መኪና ነው። «ኪኒን» የወባ መድኃኒት መራራነት ነው፣ ጌቱ መሀሉ ላይ የምር ያስመልሰዋል። «ዝውውር» የአስተማሪው ማመልከቻ ነው፣ ከቁጥሩና ከቀኑ ጋር እንዳለ የተዘፈነ። «ሜዳው» አውሮፕላን ሲመጣ ከብት ስለሚባረርበት ሜዳችን ነው። ስድስተኛው ቃል የለውም፣ ጊታሩ ብቻ ነው። ሰባተኛው ለማርታ እናት ነው። ስም አልሰጠችውም። በልምምድ ቃሉን ዝቅ አድርጋ ታነበንባለች እንጂ አውጥታ አታውቅም።

«ይህን አንዴ ብቻ ነው የምለው» አለች። «ሁለተኛ በይ እንዳትሉኝ።»

መጋዘኑን የመረጡት ጋሼ ናቸው፣ የበቆሎው ጆንያ ድምፅ ይውጣል ብለው። ማርታ ምደባዋ ኦሞራቴ ስለወጣ በነጋታው ጠዋት በጭነት መኪና ትሄዳለች። ስለዚህ ቅዳሜዋ ብቻ ነበረችን። ጋሼ ቁልፉን አስተካከሉ፣ በእርሳስ ነጥብ አደረጉበት። ምስክሯን በጆንያዎቹ ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አልማዝዬ፣ ዛሬ እጅሽን ከቁልፉ ላይ አንሺ። መርፌዋ ቀዩ ውስጥ ትግባ። እነዚህ ልጆች ቀዩ ውስጥ ነው የሚኖሩት።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ስድስቱን ዘፈን እጄን ከጉልበቴ ስር አድርጌ ተቀመጥኩ። መርፌዋ ስትወራጭ እኔን የሚያመኝ ይመስለኝ ነበር፣ ግን ቻልኩ። ሰባተኛው ሲጀመር ጄኔሬተሩ ማሳል ጀመረና ጋሼ ሊያዩት ወጡ። ህሊና ሲያተኩሳት ነበር ያደረችው፣ ጀርባዬን ታቃጥለኛለች።

ማርታ ዝቅ ብላ ጀመረች። እናቷ በር ላይ ቆመው እንደሚጠብቋት፣ እራት ሳትበላ እንደማይተኙ ዘፈነች። ከዚያ ዮናስ ጊታሩን ለቀቀው። ማርታ ዓይኗን ጨፍና የእናቷን ስም ልትጠራ አፏን ስትከፍት መርፌዋ ተወርውራ ቀዩ መጨረሻ ላይ ተጣበቀች። አልተመለሰችም። ልጄ ነቅታ ማሳል ጀመረች። እኔ ያን ሰዓት ዘፈን አልሰማሁም። የሰማሁት ቴፑ ሲቃጠል ነው፤ የታየኝ የተዘጋ ሱቅና ልጄን አዝዬ መንገድ ላይ መቆሜ ነው። ቴፑ ግን አልተቃጠለም ነበር። እጄ ሄደ። ቁልፉን ቀነስኩት። መርፌዋ እምቢ ስትል የበለጠ ቀነስኩት። ልመልሰው ስል ዘፈኑ አልቋል።

ማርታ ማይኩን ጆንያ ላይ አስቀመጠችና ማንንም ሳታይ ወጣች። ፊቷ ላይ እንባ ነበር። ጌቱ «ተዉአት፣ ዛሬ ነው ያለቀሰችው» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ከጋሼ ጋር ሰማነው። ስድስቱ ሻካራ ናቸው፣ ግን ሕይወት አላቸው። ሰባተኛው ላይ፣ ልክ ስሙ በሚጠራበት፣ ድምፁ ይሸሻል። ሰው ኮረብታ ተሻግሮ ሲጮኽ ይመስላል። ስሙ አይሰማም።

«ማሽኑ ደከመ መሰለኝ» አልኩ። ሳልጠየቅ ነው የተናገርኩት።

ጋሼ ቁልፉን አዩ። ከእርሳሱ ነጥብ ሦስት ጣት ርቋል። ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ በጀርባዬ ያለችውን ልጅ።

«ይሆናል» አሉ።

ካሴቱን «ያልታጠበ» አሉት። ልባሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዳንዱ ሰው ገዝቶ መለሰው፣ «ተበላሽቷል» እያለ። ለአንዱ «እንዲህ ነው የተሠራው፣ ሰዎቹ ተናደው ነው» ብዬው ራሴም ሳቅኩ። የመኪና ረዳቶች ግን ወደዱት። «ጭቃ» እስከ ወይጦ ድረስ ይከፈት ነበር፤ መኪና ጭቃ ሲይዘው ደግሞ እየገፉ ያዜሙታል።

ማርታ ከጥቂት ወራት በኋላ ከኦሞራቴ መጥታ ሱቅ ገባች። ከስታ፣ ፀሐይ መትቷት። ካሴቱን ከፈትንላት። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ የቴፕ ራስ እጠርግ ነበር። እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች።

«ጋሼ፣ የእናቴ ስም የታለ?»

«ማሽኑ ነው ልጄ» አሉ። «ማሽኑ ደከመብን።»

«እኔ ብዬዋለሁ እኮ። ጮኼ ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ። ውጭ ድረስ ሰምቼዋለሁ።»

ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ አልማዝ፣ አንቺስ ሰምተሽዋል አይደል?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። ጥጡ ነጭ ሆኗል፣ እኔ ግን መጥረጌን አላቆምኩም። ማርታ ካሴቱን ሳትወስድ ወጣች።

በሥራ ዘመኔ ያበላሸሁት ካሴት ብዙ ነው። የሠርግ መዝሙር ላይ ዜና ቀድቼ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ይቅርታ ጠይቄ፣ እንደገና ቀድቼ፣ ስቄ አልፌዋለሁ። ይህን ብቻ ነው ዝም ያልኩት። ምስክሯን ሳላስታውስ ቀርቼ አይደለም። ስለ እሷ ብጠይቅ ጋሼ ለምን እንደጠየቅሁ ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። ድንጋዮቿ አልቀው ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ጊዜው ሄደ። ሲዲ መጣ፣ ከዚያ ሚሞሪ። ጋሼ አይናቸው ሲደክም ሱቁን ለእህታቸው ልጅ ሰጡ፤ ደህና ሰው ነበር፣ ከእኔ ጋር አሥር ዓመት ሠራ። ጋሼ ጡረታ ላይ ሆነው እንኳ ጠዋት እየመጡ ኮምፒውተሩን በጥጥ ይጠርጉት ነበር። ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ጌቱ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ባለፈው ክረምት ሱቁን ስናጸዳ ከመደርደሪያው ላይ የጋሼን ቆርቆሮ ሣጥን አወረድኩ። ውስጡ ያረጁ ድንጋዮች፣ አንድ ቁራጭ እርሳስ፣ አንድ ካሴት። የካሴቱ ሁለት ጥርሶች ተሰብረዋል። ልባሱ ላይ በዚያ በመጥፎ ጽሕፈታቸው «አልማዝ ስትጠይቅ» ይላል።

ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቀዋል። እኔ አልጠየቅሁም።

ህሊና ለእረፍት መጥታ ነበር። የድሮውን ቴፕ ራስ ጠርጌ፣ ካሴቱን አንዴ እስከ ጫፍ አጠንጥኜ ከፈትነው። የምስክሯ ካሴት ነው፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል። ጊታሩ ከሩቅ ነው። ከዚያ የሕፃን ሳል።

«ማናት?» አለች ህሊና።

«አንቺ ነሽ።»

ቀጥሎ የሴት ሹክሹክታ አለ፦ «በስመ አብ፣ ሊቃጠል ነው፣ ሊቃጠል ነው!» ያ ድምፅ የእኔ ነው። ጋሼ ካሴቱን ለምን ለማርታ እንዳልሰጧት ያኔ ገባኝ። እኔን ሳያጋልጡ ሊሰጧት አይችሉም ነበር፤ እንድጠይቅ ጠበቁ።

የማርታ ድምፅ ግን ሙሉ ነው። ሻካራ ነው፣ ይሰነጠቃል፣ አንድም ቦታ አይሸሽም። «ታደለች! ታደለች!» ትላለች፣ ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ይቆረጣል። ከዚያ ጊታሩ ሲያቆም፣ ማናችንም ያልሰማነው፣ በአሪኛ ዝቅ ብላ የተናገረችው አለ። አሪኛ የምታውቅ ጎረቤቴን ጠርቼ አሰማኋት። ሁለቴ ካደመጠች በኋላ መቀነቷን ያዘች።

«ምን አለች?» አልኳት።

«‹በልቻለሁ እማ፣ አሁን ተኚ› ነው ያለችው።»

ህሊና ዘፈኑን ስልኳ ላይ ቀዳችው። ሊታጠብ ይችላል፣ ጩኸቱን ማለስለሻ አለ አለችኝ። እንዳትነኪው አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ማርታን እየፈለግሁ ነው። ኦሞራቴ ጤና ጣቢያ ጠይቄ ከተዛወረች ቆየች አሉኝ። አንድ ሾፌር አርቦሬ እንዳያት ነገረኝ፤ ሄጄ ነበር፣ እዚያም ሠርታ ሄዳለች። ትዳር ይዛ ወደ አርባ ምንጭ ሄደች የሚልም አለ። ጌቱም ሆነ ዮናስ ስልኳን አያውቁም።

ኑሮዬ ደህና ነው፣ ልጄ ደህና ናት፣ በሥራዬም ደስተኛ ነበርኩ። ይህቺ አንዲት ነገር ናት የቀረችኝ። ማርታን የምታውቁ፣ የታደለችን ልጅ፣ የጤና ባለሙያዋን፣ በወጣትነቷ ጂንካ የዘፈነችውን፣ ሁለት ነገር ንገሩልኝ፦ ማሽኑ አልደከመም፣ የእኔ እጅ ነው፤ የእናቷም ስም ተገኝቷል። ያለችበትን ካወቃችሁ ጂንካ፣ ከድሮው ካሴት ቤት ጀርባ ላለችው ለአልማዝ ላኩላት። ቤቴ ነኝ፣ እጠብቃለሁ።